«ለዌብሳይት ፍሪላንሰር አትቅጠሩ» ላሉት ጸሐፊ፦ መጀመሪያ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ እንጠይቅ

ሰሞኑን ትንንሽ ንግድ ያላቸው ሰዎች እርስ በርስ ሲላላኩት የነበረ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። አራት ሰው ነው የላከልኝ። አንዷ የቆየች ደንበኛዬ ናት፤ ከሥሩ «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጽፋበታለች።

ጽሑፉ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ለትንሽ ንግድ ዌብሳይት ለማሠራት ፍሪላንሰር፣ ማለትም ለብቻው በግሉ የሚሠራ ባለሙያ፣ መቅጠር ገንዘብ መበተን ነው። ፍሪላንሰር ይጠፋል። ስለዚህ ወይ ኤጀንሲ፣ ማለትም ሳይት የሚሠራ ድርጅት፣ ጋ ሂዱ፣ ወይ ራሳችሁ በሁለት ቀን ሥሩት፣ ወይ ደግሞ ዌብሳይቱን ጭራሽ ተዉትና በማኅበራዊ ሚዲያ ገጻችሁ ቀጥሉ። ግድ ሆኖ ከቀጠራችሁ ግን የሚያምር ሥራ የሚያሳያችሁንና ዋጋው ዝቅ ያለውን ምረጡ፤ ቴክኒኩን ሙሉ በሙሉ ለእሱ ተዉለት፤ ሥራው ሳያልቅ ምንም አትክፈሉ፤ ለትንሽ ሥራ ውል እየጻፋችሁ ጊዜ አታጥፉ፤ ጎግል ላይ አንደኛ እንደሚያወጣችሁ ቃል አስገቡት። ሳይቱ አንዴ ካለቀ ደግሞ አለቀ፣ ሌላ ወጪ የለበትም።

በግልጽ ልጀምር። እኔ ራሴ ፍሪላንስ ዌብ ዲዛይነር ነኝ፤ የምተዳደረው በዚሁ ነው። «ለራሱ ነው የሚሟገተው» ብትሉኝ አልፈርድባችሁም። ግን የጸሐፊውን ቅሬታ ግማሹን እኔም እጋራለሁ። ወደ እኔ ከሚመጡት ደንበኞች ብዙዎቹ የሚመጡት አንዴ ከተጎዱ በኋላ ነው፣ ስለዚህ የኛ ሙያ ሰዎች የሚያደርሱትን ጥፋት ከማንም ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ጸሐፊው በሽታውን አይተውታል። መድኃኒቱ ላይ ግን የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ እንዲያውም ከሰጡት ምክር ውስጥ ሁለቱ በሽታውን የሚያባብሱ ናቸው። ነጥብ በነጥብ ልሂድ።

«ፍሪላንሰር ይጠፋል»

እውነት ነው፣ ይጠፋል። ይታመማል፣ ቋሚ ሥራ ያገኛል፣ አገር ይለቃል፣ ይሰለቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሥራው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ስልኩን አጥፍቶ ይቀመጣል። ይሄን አልክድም።

የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ዲዛይነሩ ሲጠፋ እናንተ ላይ ምን ይደርሳል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማውቀው አንድ ዲዛይነር በድንገት ሥራውን አቆመ። ለማንም ሳይናገር ነው ያቆመው። ከደንበኞቹ ሁለቱ በተለያየ ጊዜ እኔን አገኙኝ። የመጀመሪያዋ ልብስ ሰፊ ናት። ዶሜይኑ፣ ማለትም የሳይቷ አድራሻ፣ በስሟ ነው፤ ሆስቲንጉን፣ ማለትም ሳይቱ የሚቀመጥበትን የኢንተርኔት ቦታ ኪራይ፣ የምትከፍለው ራሷ ናት፣ ፓስወርዶቹ ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ ተጽፈዋል። ጠዋት ተነጋገርን፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርኩ። የጠፋባት ነገር ቢኖር ዲዛይነሩን ስትፈልግ ያሳለፈችው አንድ ሳምንት ነው።

ሁለተኛው ለዝግጅት የሚሆኑ ወንበሮችና ድንኳኖች የሚያከራይ ሰው ነው። ዶሜይኑ የተመዘገበው በዲዛይነሩ ስም፣ በዲዛይነሩ ኢሜይል ነበር። የማደሻ ማሳሰቢያው ለዲዛይነሩ ይላካል፣ ዲዛይነሩ ደግሞ ያንን ኢሜይል መክፈት ትቷል። ዶሜይኑ ጊዜው አለፈ። ሳይቱ ጠፋ። ከሳይቱ ጋር የድርጅቱ ኢሜይልም ሞተ፣ ምክንያቱም ኢሜይሉ የቆመው በዚያው ዶሜይን ላይ ነው። ደንበኞች የሚልኩት መልእክት እየተመለሰባቸው «ሥራ አቁሟል» ብለው ወደ ሌላ ሄዱ። እሱ እኔ ጋ ሲደርስ ዶሜይኑን ሌላ ሰው ገዝቶታል። በአዲስ ስም እንደገና ጀመረ፤ የንግድ ካርዱን፣ ደረሰኙን፣ መኪናው ላይ የጻፈውን አድራሻ ሳይቀር ቀየረ።

የጠፋው ያው አንድ ሰው ነው። የሁለቱ ጉዳት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጸሐፊው «ሰውየው ይጠፋል» ብለው ፈርተዋል፤ እኔ የምፈራው ሰውየው ሲጠፋ ቁልፉን ይዞ መጥፋቱን ነው።

ኤጀንሲ ከዚህ ያድናል ወይ? በራሱ አያድንም። ኤጀንሲም ይዘጋል፣ ባለቤት ይቀይራል፣ ሳይታችሁን የሠራው ሠራተኛም ይለቃል። ዶሜይናችሁን በራሱ ስም የሚያስመዘግብ ኤጀንሲም አጋጥሞኛል፣ ያውም ስትለቁ የማስረከቢያ ክፍያ የሚጠይቅ። ብዙ ኤጀንሲዎች ደግሞ ትንንሽ ሥራዎችን መልሰው ለፍሪላንሰር ይሰጣሉ፤ እኔም በዚህ መንገድ ስንት ሳይት ሠርቻለሁ፣ ባለ ንግዱ ስሜን እንኳ አያውቅም። ኤጀንሲ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ብዙ ሺህ ዕቃ የሚሸጥ፣ ከሒሳብና ከመጋዘን ሥርዓት ጋር የሚገናኝ፣ ፎቶ አንሺም ጸሐፊም ፕሮግራመርም አንድ ላይ የሚፈልግ ሥራ ከሆነ አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም፤ እኔም አልቀበለውም። አምስት ስድስት ገጽ ላለው ሳይት ግን ከሠሪው ጋር በቀጥታ መነጋገር ትልቅ ጥቅም አለው። የተናገራችሁት ነገር በሦስት ሰው አፍ አልፎ አይደርስም።

«ቴክኒኩን ለእሱ ተዉለት»

ቅደም ተከተሉን ትቼ ይሄን ወደ ፊት ያመጣሁት ከሁሉም አደገኛው ምክር ስለሆነ ነው። በአንድ በኩል ፍሪላንሰር ይጠፋል ብሎ፣ በሌላ በኩል ሁሉንም ነገር በእጁ አስቀምጡ ማለት እንዴት አብሮ ይሄዳል?

ኮድ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ማወቅ ያለባችሁ የትኛው ነገር በማን ስም እንደሆነ ነው። ዶሜይን ማለት የሳይታችሁ አድራሻ ነው። አንዴ ተገዝቶ ለዘላለም የሚያዝ ነገር አይደለም፤ በዓመት የሚታደስ ኪራይ ነው፣ እንደ ዶት ኮም ያለውን ቢበዛ እስከ 10 ዓመት አስቀድሞ መክፈል ይቻላል። መዝገቡ ላይ ባለቤት ተብሎ የሰፈረው ሰው ነው ባለመብቱ። ሎጎው የእናንተ ቢሆን፣ ፎቶው የእናንተ ቢሆን፣ ገንዘቡን እናንተ ብትሰጡም፣ መዝገቡ ላይ ያለው የዲዛይነሩ ስም ከሆነ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን የሚባለው ድርጅት እንደ ዶት ኮም ላሉ ስሞች ያወጣው ደንብ አለ። ባለቤቱ ዶሜይኑን ወደ ሌላ መዝጋቢ (ዶሜይን የሚሸጥና የሚመዘግብ) ድርጅት ማዛወር ከፈለገ የማዛወሪያ ኮድ ይጠይቃል፤ መዝጋቢው በ5 ቀን ውስጥ ሊሰጠው ግድ ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ መብት የባለቤቱ ነው፣ ማለትም መዝገቡ ላይ የሰፈረው ሰው። ጊዜው ካለፈ በኋላም ወዲያው አይጠፋም። መዝጋቢው ካጠፋው ጊዜ ጀምሮ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፤ ማስመለሻው ከመደበኛው ማደሻ በጣም ይወደዳል፣ ግን ይቻላል። ያ ድንኳን አከራይ ማሳሰቢያው በራሱ ኢሜይል ቢመጣ ኖሮ ስሙን ለማዳን በቂ ጊዜ ነበረው።

እኔም ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ ስጀምር የሁለት ደንበኞችን ዶሜይን በራሴ አካውንት አስመዝግቤ ነበር። ክፉ አስቤ አልነበረም፤ ለእነሱ ይቀላቸዋል ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ካርዴ ተቀይሮ ክፍያው ሳያልፍ ቀረና የአንደኛው ሳይት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ። ያውም ለሥራው ዋና በሆነ ሰሞን። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ወጪውን ከኪሴ ከፈልኩ፣ ሁለቱንም ዶሜይን በስማቸው አዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ዶሜይን በስሜ አስመዝግቤ አላውቅም። ደንበኛው «አንተው ያዘው፣ እኔ አልገባኝም» ሲለኝ እንኳ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በራሱ ስልክ እንዲከፍተው አደርጋለሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዶሜይኑንና የሆስቲንጉን አካውንት በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ፣ በራሳችሁ ካርድ ክፈሉ። ለዲዛይነሩ ፓስወርዳችሁን ከመስጠት ይልቅ እንደ ሁለተኛ ተጠቃሚ አስገቡት፤ አብዛኞቹ መዝጋቢዎችና ሆስቲንግ አቅራቢዎች ይሄን ይፈቅዳሉ። ካልፈቀዱ ፓስወርዱን ስጡትና ሥራው ሲያልቅ ቀይሩት። በስልክ የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ ወደ እናንተ ስልክ ይምጣ። ሳይቱ ዎርድፕረስ በሚባለው የሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ከተሠራ ዋናው የአስተዳዳሪ አካውንት የእናንተ ይሁን። ሳይታችሁ በጎግል ፍለጋ እንዴት እንደሚታይ የምትከታተሉበት የጎግል ሰርች ኮንሶልም፣ የጎግል ካርታ ላይ ገጻችሁም እንዲሁ።

አንድ ሰዎች የሚዘነጉት ነገር ልጨምር። የዶሜይን አካውንታችሁን የምትከፍቱበት ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ የቆመ መሆን የለበትም። ዶሜይኑ ሲበላሽ ኢሜይሉም አብሮ ይበላሻል፤ ፓስወርድ ለማስመለስ የሚላከው መልእክት ታዲያ የት ይደርሳችኋል? ጂሜይልም ይሁን ሌላ፣ ከንግዳችሁ ዶሜይን ውጪ የሆነ ኢሜይል ተጠቀሙ።

«ራሳችሁ በሁለት ቀን ሥሩት»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙ አልጣላም። ንግዳችሁ ገና ከጀመረ፣ ምን እንደምትሸጡና ለማን እንደምትሸጡ ገና እየሞከራችሁ ከሆነ፣ አንድ ገጽ ራሳችሁ ሥሩና ቆዩ። ደውለውልኝ እንዲህ ብዬ የመለስኳቸው ሰዎች አሉ።

«በሁለት ቀን» የሚለው ግን ሰው ያሳስታል። ቴምፕሌት (አስቀድሞ የተዘጋጀ ንድፍ) መርጦ ቀለም መቀየር አዎ ሁለት ቀን ነው። ሥራው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ደንበኛው ሳይቱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያነበው ዓረፍተ ነገር ምን ይበል? ዋጋ ይጻፍ ወይስ ይደወል? በቀን አሥር ጊዜ በስልክ የሚጠይቋችሁ ጥያቄ መልሱ የትኛው ገጽ ላይ ይቀመጥ? ፎቶውን ማን ያንሳ? ራሳቸው ጀምረው ስድስት ወር ሙሉ «በቅርብ ቀን» የሚል ገጽ ተሰቅሎ የቀረባቸውን ቆጥሬ አልጨርስም፤ ያቆማቸው ቴክኒኩ ሳይሆን ይሄ ነው።

ሌላው ስለ መውጫው ነው። ጸሐፊው ማንም ራሱ ሳይት የሚሠራባቸውን ዊክስንና ስኩዌርስፔስን ጠቅሰዋል፤ ሁለቱም ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው። ግን በዊክስ የተሠራ ሳይት የሚኖረው በዊክስ ሰርቨር (ሳይቱን በሚያስቀምጠው ኮምፒውተር) ላይ ብቻ ነው፤ እንዳለ አንሥታችሁ ሌላ ሆስቲንግ ላይ ልታስቀምጡት አትችሉም። ለመልቀቅ ስትወስኑ ጽሑፍና ፎቶውን ገልብጣችሁ ሳይቱን እንደ አዲስ ትሠራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕረስ በነፃ ፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ በፈለጋችሁት ሆስቲንግ ላይ ይሠራል፤ ዛሬ በዓለም ካሉ ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የቆሙት በእሱ ላይ ነው፣ ስለዚህ አንድ ዲዛይነር ቢጠፋባችሁ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አታጡም። በምትኩ እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። የትኛውም ምርጫ ነውር የለበትም፣ ግን ስትገቡ መውጫውን አይታችሁ ግቡ።

«የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ይበቃል»

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለ6 ሰዓት ያህል በአንድ ላይ ጠፍተው ነበር። ያን ቀን ሥራቸው ሁሉ እዚያ ላይ የነበረ ሰዎች ደንበኞቻቸውን «ቆዩን» የሚሉበት ቦታ እንኳ አልነበራቸውም። ጎግል ፕላስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ለግል ተጠቃሚዎች ጭራሽ ተዘጋ፤ እዚያ ገጽ ገንብቶ የነበረ ሰው ተከታዮቹን ይዞ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም።

ማኅበራዊ ሚዲያውን ተዉት አልልም። ደንበኛ የሚገኘው እዚያ ነው። ዌብሳይቱ ግን ሕጉን ሌላ ሰው የማይቀይርባችሁ ቦታ ነው። ሁለቱን አብራችሁ ያዙ።

«ሥራው የሚያምረውን፣ ዋጋው ዝቅ ያለውን ምረጡ»

የሚያምር ፖርትፎሊዮ (የሥራ ናሙና) ማሳየት ከባድ አይደለም። የምታዩት ብዙ ጊዜ የስክሪን ፎቶ ነው። እናንተ ግን ፎቶውን ትታችሁ ሊንኩን ጠይቁ። ሳይቱ ዛሬም አለ? ወይስ ተዘግቷል? በስልካችሁ ክፈቱት፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ። ጎግል የአንድ ገጽ ዋናው ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ከታየ «ጥሩ» ይለዋል። ስትከፍቱት ፎቶው ቀስ እያለ የሚመጣ፣ ጽሑፉ ቦታውን እየቀየረ የሚዘል፣ ልትነኩት ያላችሁት ቁልፍ ከጣታችሁ የሚሸሽ ከሆነ የደንበኛችሁም ዕጣ ይሄው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ተራ ነገር ነው። በስልክ የተነሣ አራት አምስት ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶ ሳያሳንሱ ይለጥፉታል። እሱኑ ፎቶ ዓይን የሚለየው ልዩነት ሳይኖር ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ማውረድ ይቻላል። ይሄን ያልሠራ ሰው ሌላ ብዙ ነገርም አልሠራም።

ከዚያ «ያግኙን» የሚለው ፎርም ላይ ሄዳችሁ አጭር መልእክት ላኩ። ይሄን የሚሞክር ሰው አላየሁም። የተረከብኳቸው ሳይቶች ላይ ግን ፎርሙ የማይሠራ፣ ወይም መልእክቱ ዲዛይነሩ ለሙከራ ባስገባው የራሱ ኢሜይል የሚደርስ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለ ንግዱ «በዌብሳይቱ የመጣ ደንበኛ የለም» ሲል ኖሯል። ደንበኛውማ መጥቶ ነበር። ሲጽፍ ነበር። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል።

ቀጥሎ ከቀድሞ ደንበኞቹ ለአንዱ ደውሉ። «ወደዳችሁት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። «ከተረከባችሁ በኋላ ችግር ሲገጥማችሁ ስትደውሉለት ስንት ቀን ቆየ?» በሏቸው። መልሱ ስለ ሰውየው ከፖርትፎሊዮው የበለጠ ይነግራችኋል።

ስለ ዋጋ የምለው አንድ ነገር ነው። ዝቅ ያለ ዋጋ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ አዲስ የጀመረ ጎበዝ ልጅ ሥራ ለማግኘት ብሎ በዝቅተኛ ዋጋ ሊሠራላችሁ ይችላል፣ እኔም እንደዚያ ነው የጀመርኩት። ግን ሁለት ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ውስጡ ያለውን አወዳድሩ። ጽሑፉን ማን ይጽፋል? ፎቶ አለበት? የስልክ ገጽታው ተካቷል? ከተረከባችሁ በኋላ ለስንት ሳምንት ያርማል? እነዚህ ሲደመሩ ርካሹ ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ደግሞ መጀመሪያ ስትገናኙ ምን እንደሚጠይቃችሁ አዳምጡ። «ምን ዓይነት ቀለም ትወዳላችሁ?» ብሎ የሚጀምር አለ። «ደንበኞቻችሁ እነማን ናቸው? ሳይቱን ከፍተው ምን እንዲያደርጉ ትፈልጋላችሁ፣ እንዲደውሉ፣ እንዲያዝዙ ወይስ እንዲመጡ?» ብሎ የሚጀምርም አለ። እኔ ሁለተኛውን እቀጥራለሁ።

«ሳያልቅ አትክፈሉ፣ ውልም አያስፈልግም»

ጸሐፊው ይሄን የጻፉት ባለ ንግዱን ለመጠበቅ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ያለ ምንም ቀብድ አንድ ወር ሙሉ የሚሠራ ጥሩ ባለሙያ አታገኙም፤ ብታገኙም ቀብድ የከፈለ ሌላ ደንበኛ በመጣ ቁጥር የእናንተ ሥራ ወደ ጎን ይባላል። ሙሉውን አስቀድሞ መክፈልም ያው ነው። ኪሱ የገባ ገንዘብ አያስቸኩለውም።

እኔ የምሠራው በሦስት ተከፍሎ ነው። አንዱ ስንጀምር፣ ሌላው ዲዛይኑን አይታችሁ «ይሁን» ስትሉ፣ የመጨረሻው በርክክብ ዕለት። ርክክብ ስል ሳይቱ ኢንተርኔት ላይ ወጣ ማለቴ አይደለም። ፓስወርዶቹ በእጃችሁ ገብተው፣ ራሳችሁ ገብታችሁ አንድ ጽሑፍ ቀይራችሁ፣ የፎርሙ መልእክት በኢሜይላችሁ ሲደርስ አይታችሁ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይሁን። ከማታውቁት ሰው ጋር በርቀት የምትሠሩ ከሆነ እንደ አፕወርክ ያሉ ፍሪላንሰርና አሠሪን በኢንተርኔት የሚያገናኙ መድረኮች በቁርጥ ዋጋ ለሚሠራ ሥራ ገንዘቡን በአደራ ይይዛሉ፤ የሚለቀቀው ሥራው በየደረጃው ሲቀርብና ስትቀበሉት ነው።

ስለ ውል። «ትንሽ ሥራ ነው» የሚባለው ሥራ ነው በብዛት ሰው የሚያጣላው፣ ምክንያቱም ማንም አይጽፈውም። እናንተ «ሳይት» ስትሉ አሥር ገጽ፣ የዕቃ መሸጫ፣ ሁለት ቋንቋ አስባችኋል፤ እሱ አራት ገጽ አስቧል። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለዚህ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ስንት ገጽ ነው፣ ስንት ጊዜ ይታረማል፣ ጽሑፍና ፎቶ ማን በስንት ቀን ያቀርባል፣ ሥራው መቼ ያልቃል፣ ክፍያው እንዴት ይከፋፈላል፣ መሐል ላይ ቢቋረጥ ማን ምን ይዞ ይሄዳል።

«ማን በስንት ቀን ያቀርባል» ያልኩት ለእናንተም ጭምር ነው፣ ደስ ባይላችሁም ልናገረው። ከሠራኋቸው ሥራዎች የዘገዩትን ብቆጥር አብዛኞቹ የዘገዩት ባለ ንግዱ «ነገ እልክልሃለሁ» ያለው ጽሑፍና ፎቶ ሳይመጣ ቀርቶ ነው። ቀኑ ለሁለቱም ወገን ይጻፍ።

እና አንድ ሁሉም የሚዘለው መስመር አለ። የሥራው ባለቤትነት። ብዙ ሰው «ከፈልኩ፣ ስለዚህ የኔ ነው» ብሎ ያስባል። በብዙ አገር ሕግ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ቋሚ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው የፈጠረው ሥራ የቅጂ መብቱ፣ በጽሑፍ ካልተላለፈ፣ ከራሱ ከሠሪው ጋር ሊቀር ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ የታወቀ ክርክር አለ። አንድ ለቤት አልባ ሰዎች የሚሟገት የአሜሪካ ድርጅት ሪድ የሚባል ቀራፂ ሐውልት አሠርቶ ከፍሎት ነበር። ኋላ ላይ በመብቱ ተጣሉና ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ቀራፂው ተቀጣሪ ሠራተኛ ስላልነበረ ድርጅቱ ስላሠራው ብቻ የቅጂ መብቱ ባለቤት አይሆንም አለ። የሐውልትም ይሁን የስክሪን ሥራ፣ ነገሩ አንድ ነው። ውሉ ላይ «የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም የዲዛይኑና የጽሑፉ መብት ለአሠሪው ይተላለፋል» የሚል መስመር አስገቡ። ዲዛይነሩ ከሌላ ሰው የገዛው ፎንት (የፊደል ቅርጽ)፣ ፎቶ ወይም ፕለጊን (ሳይቱ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም) ካለ ደግሞ ዝርዝሩንና ፈቃዱን ይስጣችሁ። ከጎግል ፍለጋ ላይ የተለቀመ ፎቶ ሳይታችሁ ላይ ከወጣ የፎቶው ባለቤት የሚጠይቀው እናንተን ነው።

«ጎግል ላይ አንደኛ እንዲያወጣችሁ ቃል አስገቡት»

ይሄን ቃል የሚገባላችሁን ሰው አትቅጠሩ። ራሱ ጎግል ለባለ ንግዶች በሚሰጠው ምክር ላይ ማንም አንደኛ ደረጃን ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጽፏል። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ርዕስ ይኑረው፣ ሳይቱ ሰርች ኮንሶል ላይ ይመዝገብ፣ ፈጣን ይሁን፣ በስልክ በደንብ ይሥራ። ጎግል አሁን ሳይቶችን የሚያነበው በዋናነት በስልክ በሚታየው ገጽታቸው ነው።

«አንዴ ካለቀ አለቀ»

አላለቀም። ዶሜይኑ በየጊዜው ይታደሳል፣ ሆስቲንጉ ይከፈላል። ሳይቱና ደንበኛው የሚለዋወጡትን መረጃ የሚጠብቀው የደኅንነት ሰርተፊኬትም ጊዜ አለው። የጎግል ማሰሻ ክሮም ከሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰርተፊኬት የሌለውን ሳይት «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» እያለ ያሳያል፤ ደንበኛ ይሄን ሲያይ ይደነግጣል። ሰርተፊኬቱ ግን ገንዘብ ላያስወጣችሁ ይችላል። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፣ ብዙ ሆስቲንጎችም በራሱ እንዲታደስ አድርገው ያቀርቡታል። ለዚህ በየዓመቱ ትልቅ ሒሳብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ምክንያቱን ጠይቁት።

ዎርድፕረስ ከሆነ ደግሞ ፕለጊኖቹ በየጊዜው መታደስ አለባቸው። የተጠለፉ ሳይቶችን ሳጸዳ ብዙ ጊዜ የማገኘው መግቢያ በር ሁለት ዓመት ያልታደሰ አንድ ፕለጊን ነው፣ ያውም ማንም የማይጠቀምበት። ባክአፕም (የሳይቱ መጠባበቂያ ቅጂ) እንዲሁ። ባክአፑ ሳይቱ ባለበት ሰርቨር ላይ ብቻ ከተቀመጠ ሰርቨሩ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል። አንድ ቅጂ እናንተ ጋ ይቀመጥ። በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን ከባክአፑ ሳይቱን መመለስ እንደሚቻል ይሞከር፤ ስንቱ ባክአፕ ነው ሲከፈት ባዶ የሆነው።

ይሄን ሁሉ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፣ ወይም ለዲዛይነሩ በወር እየከፈላችሁ ታሠራላችሁ። የጥገናው ስምምነት ግን ከሥራው ውል ተለይቶ ለብቻው ይጻፍ፣ በፈለጋችሁ ጊዜ የምታቋርጡት ይሁን።

ጽሑፉን ለላከችልኝ ደንበኛዬ ይሄን ሁሉ አልጻፍኩላትም። ደወልኩላትና «የዶሜይንሽ የማደሻ ማሳሰቢያ በማን ኢሜይል ነው የሚመጣው?» አልኳት።

«በኔ ነዋ። ባለፈው ወር መጥቶልኝ ከፍዬዋለሁ።»

«ባክአፑስ?»

«ፍላሽ ላይ አለ፣ መሳቢያዬ ውስጥ።»

«እንግዲያው እኔ ነገ ብጠፋም ሥራሽ አይቆምም» አልኳት።